ፊትሽን ይዘሽ ነይ

መስከረም 12፣ ሰኞ

እትዬ የሺ፣ ይሄን ጊዜ እመኚኝ። በናትሽ። ይሄን ስልክ ይዞ ቢሮሽ በር ላይ የቆመው ልጅ ፋኑኤል ይባላል፣ ፀጉር ቤት አብሮኝ የሚሰራው፣ መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ መናገር አይችልም፣ ለማኝ መስሎሽ እንዳታባርሪው። ብሎክ ስላረግሽኝ፣ በሌላ ቁጥር ብደውልም ድምፄን ስትሰሚ ስለምትዘጊው ነው በሱ የላኩልሽ። ደብተሩን በሰው ስልክ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ነው። ይቺን የመጀመሪያዋን ገጽ ባዶ ትቻት ነበር፣ አሁን ነው የምጽፍባት፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ አትዝለይ። አምና ለፖሊስ ወደቀ ያልኩት ውሸት ነው። የዛሬው እውነት ነው።

ሰርክ ነኝ፣ እህትሽ።

ሐምሌ 4

ደብተር ገዛሁ። ኳስ ተጫዋች ያለበት ነው፣ ሌላ አልነበረም። ጻፊ ያሉኝ ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሮ ማስተዋል ናቸው። አንቺ ቃልሽን ትቀያይሪያለሽ፣ ወረቀት ግን አይቀያይርም፣ የሆነውን ሁሉ ቀን እያረግሽ ጻፊ አሉኝ። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት አልኳቸው። ስምሽን ከጻፍሽ ሌላውንም ትጽፊዋለሽ አሉ።

እሺ። ሰኔ 24 ከሰዓት ለይኩን በሬን በእግሩ ገንጥሎ ገባ። ከተለያየን ስምንት ወራችን ነው። ፀጉሬን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ፣ ከዛ መቁጠር ተውኩ፣ የፊት ጥርሴ ወልቆ ምላሴ ላይ ነበር፣ ልውጠው ነበር። አከራዬ እማማ አሳየች ዘነዘናቸውን ይዘው መጡና ጀርባው ላይ አሳረፉበት። ሰባ ዓመታቸው ነው። ና እንጂ ገና አልጨረስኩም እያሉ እስከ ግቢው በር ተከተሉት። ፖሊስ የጠሩትም እሳቸው ናቸው። እኔ ብሆን የምጠራ አይመስለኝም።

አሁን በዋስ ወጥቷል።

ሐምሌ 6

ስለ ጥቅምቱም ጻፊ ብለውኛል። ለይኩን አልሙኒየምና መስታወት ነው የሚሰራው፣ ኮተቤ ሱቅ አለው። የፀጉር ቤታችንን መስታወቶች የገጠመው እሱ ነው፣ እንደዛ ነው የተዋወቅነው፣ እየገጠመ በመስታወቱ ውስጥ ያየኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ስልኬን ከፍቶ ሰላም ነሽ ያለኝ ሰው አገኘ። የደንበኛዬ ባል ነበር፣ ቀጠሮ ሊይዝላት። የቤታችንን መስታወት በቡጢ ሰበረው፣ ከዛ ስባሪውን መረጠ። መረጠ ነው የምለው። እጁን እንዳይቆርጠው በኔ ፎጣ ጠቅልሎ ያዘው። ጉልበቱን ደረቴ ላይ አድርጎ ከጆሮዬ እስከ ከንፈሬ አንዴ፣ ከዛ ከጎኑ ደግሞ ሌላ። ቀስ ብሎ ነው። ስራው ላይ እንደሚጠነቀቀው።

ሆስፒታል መስታወት ወደቀብኝ አልኩ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር። ወረቀቱ ላይም እንደዛ ተጻፈ። ለየሺ ግን እውነቱን ነገርኳት። ከየካ አባዶ በቢሮ ልብሷ ሮጣ መጣች፣ ደሜ ሸሚዟ ላይ እያለ ጣቢያ ገብታ ጮኸች፣ አሳሰረችው። በሶስተኛው ቀን ሄጄ አይ ወድቆብኝ ነው አልኩ። መርማሪው የሺን፣ እህትሽ ባሏን ትወዳለች አንቺ ምን ጥልቅ አረገሽ አላት። ያን ቀን ያየችኝን አልረሳውም። እሱን እንኳን እንደዛ አላየችውም።

ሐምሌ 9

ሹሩባ ስሰራ ደንበኛዋ ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ለፍቅርአዲስ ሌላ ልጅ ትስራኝ፣ ይቺን በመስታወት ሳያት ሆዴ ይላወሳል አለቻት። በሹክሹክታ ነው ያለችው ግን ፀጉር ማድረቂያው ጠፍቶ ነበር።

ሌላዋ ቱርክ ሄዳ አፍንጫዋን አሰርታ የመጣች ናት። አሁን እኮ ፊት እንደ ጥፍር ነው፣ ይሰራል አለችኝ። ስንት ነው አልኳት። በኔ አፍንጫ ቪትዝ መኪና ይገዛ ነበር አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ጥርሴ እንደሌለ ረስቼ።

ሐምሌ 15

ክሊኒክ ሄድኩ። የፕላስቲክ ሰርጀሪ ዶክተር ያለበት። ዶክተሯ ሴት ናት፣ ወጣት። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። መስታወት ወድቆብኝ አልኳት፣ አፌ ለምዶታል። መብራቱን አስጠጋች፣ ሁለቱን መስመር በጣቷ ተከተለቻቸው፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ናቸው። ጓንቷን አወለቀች።

«መስታወት አንድ ቦታ ሁለቴ አይወድቅም እህቴ» አለችኝ።

ከዛ ወደ ዋጋው ሄደች። ሁለት መቶ ሺህ ሊደርስ ይችላል አለች። ሳል ያዘኝ። ቆይ አለችኝ፣ ሰው የኦፕራሲዮኑን ብቻ ጠይቆ ይሄድና ግማሽ ላይ ያልቅበታል፣ ስለዚህ ሁሉንም ልንገርሽ። የላብራቶሪው ሌላ ነው፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሌላ፣ አልጋው ሌላ። ከዛ በኋላ ለወራት የምትቀቢው ጄል፣ የፀሐይ መከላከያ፣ የስፌት መፍቻና የክትትል ቀጠሮ። ስራ የማትገቢበት ሁለት ሳምንትም ዋጋ ነው፣ ጻፊው አለችኝ። ቢያመረቅዝ ማን ይከፍላል ብለሽም ሳትቆረጪ በፊት ጠይቂ፣ ሁሉንም በወረቀት አስጽፊ። ይጠፋል ወይ አልኳት። ጠባሳ አይጠፋም፣ ይቀላል፣ ይጠፋል የሚልሽ ሰው ካለ ውጪለት። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ አይነካም፣ ገና ነው። እስከዛ ጄሉን ገዝተሽ በቀን ሁለቴ ተቀቢው፣ መጠነኛ ነው ዋጋው፣ ከዛ በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ያዢ፣ ይረዝማል ግን አቅምሽ ይችለዋል።

ስወጣ ፀሐፊዋ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ከጩኸት ይልቅ እንደዛ በደግ ሲያወሩኝ ነው የሚያስለቅሰኝ።

ሐምሌ 16

ለይኩን በማላውቀው ቁጥር ደወለ። ዘጋሁት።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ሽማግሌ መጣ። ሶስት ሆነው። የሚናገሩት አቶ ሰላሙ ናቸው፣ የጸሎት ቡድናችን መሪ። ለይኩን ተጸጽቷል አሉ፣ ያቆሰለ ያሳክማል፣ የኦፕራሲዮኑን ሁለት መቶ ሺህ እስከ መጨረሻው ይችላል፣ አንቺ ክሱን ትተይለታለሽ። ለአዲስ ዓመት በአዲስ ፊት አሉኝ፣ ራሳቸው ባሉት ሳቁ። እማማ አሳየች ከጓዳ ሆነው ጥርሷንስ ማን ያበቅልላታል አሉ። አቶ ሰላሙ እማማ ጸልዩ አሏቸው። እየጸለይኩ ነው፣ ምን እንደምጸልይ ባወቅህ አሉ።

ዋጋውን ከየት እንዳወቀው አላውቅም።

ሐምሌ 21

እሺ። ዘጋሁት ያልኩት ስልክ አልዘጋሁትም። ሃያ ደቂቃ አወራን። ድምፁ ደህና ነበር። እኔ ነኝ ዋጋውን የነገርኩት። ቱ እኔ።

ሐምሌ 28

ለዶክተሯ ደወልኩላት። ለይኩን ሌላ ቦታ አግኝቷል፣ ግማሽ ዋጋ ነው፣ በጳጉሜ ይሰሩልሻል ብሎኛል አልኳት። የስራ ፈቃዳቸው ግድግዳው ላይ አለ ወይ፣ ማደንዘዣውን ማነው የሚሰጠው፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ርካሽ እስኪበላሽ ነው፣ የተበላሸን ማስተካከል ሶስት እጥፍ ነው አለች። ከዛ፣ ዓመት ሳይሞላው አይነካም ብዬሽ የለ፣ የቸኮለው ማነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው አለችኝ።

ቴሌው አቋረጠው። እኔ ነኝ ያቋረጥኩት።

ነሐሴ 6

ጠዋት ፀጉር ቤቱን ስንከፍት የኔ ወንበር ፊት ያለው ትልቁ መስታወት ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። በመስታወት መቁረጫ ነው። ጎን ለጎን። ስቀመጥ ልክ ጉንጬ ላይ ይገጥማል። ምንም አልተሰረቀም፣ በሩም አልተሰበረም፣ ሲገጥም ቁልፍ ተሰጥቶት ነበር። ፍቅርአዲስ ቆማ አየችው፣ አየችኝ። ልጄ እኔ ልጆች አሉኝ አለች። በቃ ነገ እንዳትመጪ ማለቷ ነው።

ነሐሴ 14

ፋኑኤልን ገደሉት። አልሞተም። ግን ገደሉት። ከተባረርኩ ጀምሮ እቃዬን ሊያመጣልኝ፣ ዳቦ ሊያመጣልኝ ይመጣ ነበር፣ ሌላ ምንም የለንም፣ ወንድ ፀጉር ቆራጭ ነው፣ ቀልደኛ ነው። በፌሮ ብረት ነው የመቱት፣ ሁለት ሆነው፣ ከታክሲ ሲወርድ። ሰው እያየ። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ። አንዱን አወቅኩት አለ፣ በወረቀት ጽፎ፣ ገረሱ ነው፣ የለይኩን ወንድም። ከስሩ ደግሞ «አሁን ሹካ አያስፈልገኝም፣ ስትሮ ግዢልኝ» ብሎ ጻፈ። ትራሱ ደም ሆኖ ይቀልዳል። እኔን ነው መምታት የነበረባቸው። በኔ ነው። በኔ ነው። በኔ ነው።

ነሐሴ 15

ወይዘሮ ማስተዋል ጠሩኝ። በጥቅምት የተጻፈው የሐኪም ወረቀት ወድቆባት ስለሚል ክሱን ያፈርሰዋል፣ ስለዚህ የሐኪሞች ቦርድ አዲስ ያይሻል፣ መስከረም 15 ቀጠሮ ተይዟል፣ ጠባሳው ምን እንደሆነ እነሱ ይጽፋሉ አሉ። የዶክተሯን ቃል ነገርኳቸው፣ አንድ ቦታ ሁለቴ አይወድቅም ያለችውን። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቦርዱ ይሄን ከጻፈ አለቀለት አሉ።

ለማንም እንዳልነግር አሉኝ። አልነግርም።

ነሐሴ 23

ግማሽ ዋጋ ነው የተባለውን ቤት ላየው ብቻ ነው የሄድኩት። ገንዘቡን ለማዳን፣ እሱ ከከፈለ እኔ አልከፍልም፣ እንደዛ ነው ያሰብኩት። ለይኩን ነው የወሰደኝ። መንገድ ላይ ጁስ ገዛልኝ። የእጄን አንጓ ግን አለቀቀም፣ ጣቶቹ ምልክት አውጥተዋል።

ኮተቤ ውስጥ ግቢ ነው፣ ታፔላ የለውም። ሰውየው በነጠላ ጫማ ነው የወጣው። አልጋው የቤት አልጋ ነው፣ ላስቲክ ለብሷል፣ ባልዲ አለ። ዶክተሯ ያለችኝን ጠየቅኩ፣ ፈቃድ የታለ፣ ማደንዘዣ ማን ይሰጣል፣ ደረሰኝ አለ ወይ። ሰውየው ለለይኩን፣ ገንዘብ ሚኒስቴር አገባህ እንዴ አለው። ለይኩን ሳቀ፣ ስንወጣ ለሳቁ በጥፊ ከፈለኝ።

ከዛ በፊት ግን ሽንት ቤት ስገባ አይሰሙም መስሏቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ለይኩን፣ ከመስከረም 15 በፊት ሁለቱም ጠባሳ መጥፋት አለባቸው አለ። ሰውየው አይጠፉም እኮ አለ፣ ቆርጬ አንድ ላይ ሰፍቼ ትኩስ ቁስል አረግልሃለሁ።

«ቁስል ደግሞ ማንም አያነበውም» አለ ሰውየው።

መስከረም 15ን የነገርኩት እኔ ነኝ። አልነግርም ብዬ።

ነሐሴ 24

ለየሺ ልደውል አስራ አንዴ ቁጥሯን አወጣሁ። ምን እላታለሁ። ደብተሩን ቀሚሴ ውስጥ ነው የምይዘው።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

አቶ ሰላሙ ቤት ተሰበሰብን። ሰው ሞልቷል። ኦፕራሲዮን አልሆንም ልል ነው የሄድኩት፣ በሰው ፊት ካልኩ አይነካኝም ብዬ። ለይኩን እንደ ድሮ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ገባና እግሬ ስር ተንበረከከ። ሴቶቹ አለቀሱ። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ደም ስሩ ተገትሯል፣ ከስር ግን አይኑ እኔ ላይ ነው።

አቶ ሰላሙ እንግዲህ ልጄ፣ ኦፕራሲዮኑ ከጳጉሜ ወደ መስከረም 12 ተዛውሯል፣ ምን ትያለሽ አሉኝ።

«ይቅር» አልኩ። «በቃ ይቅር።»

ኦፕራሲዮኑን ነው ያልኩት! ኦፕራሲዮኑ ይቅርብኝ ማለቴ ነው። ቤቱ በአንዴ ሃሌሉያ ሆነ፣ ይቅር አለች፣ ይቅር አለች፣ እልል አሉ፣ ድንጋዩን አወረዱለት፣ ጉልበቴን ሳመ። ኦፕራሲዮኑን ነው ስል እልልታው ዋጠኝ። አቶ ሰላሙ ጋ ተጠግቼ ነገርኳቸው። ልጄ ከአፍ የወጣ አፋፍ አሉኝ፣ መልካም ቃል ነው ያወጣሽው፣ ሰይጣን እንዳይመልስሽ። የእርቅ ወረቀት አመጡ። አልፈረምኩም።

መስከረም 1

የሺ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ልላት ነው ያነሳሁት። ይቅር ማለቴን ከአቶ ሰላሙ ሚስት ሰምታለች። እትዬ እኔ ኦፕራሲዮኑን እኮ ነው ስላት፣ ሸሚዙ እስከ ዛሬ አለ፣ ደምሽ አልለቀቀም፣ ሁለተኛ ስሜን እንዳትጠሪ አለችኝ። ዘጋችው። መልሼ ስደውል አይገባም። ብሎክ።

እውነቷን ነው።

መስከረም 7

ወይዘሮ ማስተዋል የእርቁን ወረቀት ዘረጉልኝ፣ የሱ ጠበቃ አምጥቶት። ስሜ አለበት። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስምሽን ከጻፍሽ ሌላውንም ትጽፊዋለሽ ብለውኝ የለ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። እርቁ የናንተ ነው፣ ክሱ የመንግሥት ነው፣ ይሄ አያቆመውም አሉ። በሩ ድረስ ሸኙኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉኝ። «መስከረም 15 ፊትሽን ይዘሽ ነይ።»

መስከረም 10

እማማ አሳየች በሩ ስር ይተኛሉ። ዘነዘናው አጠገባቸው ነው። ነገ ግን ለተዝካር ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ፣ እስከ ማክሰኞ።

መስከረም 11

ሄዱ።

መስከረም 12፣ ዘጠኝ ሰዓት

ቶሎ ልጻፍ። ካልተነበበ ይቅርታ።

ስድስት ሰዓት ላይ መጡ፣ ለይኩንና ገረሱ፣ በገረሱ መኪና። አፌን ይዘው ነው የጫኑኝ። ኮተቤ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጮህኩ፣ ያለኝን ጩኸት ሁሉ፣ ለአስራ አንድ ወር ያልጮህኩትን። ጎረቤት ወጣ። ሰውየው በሩን በቀዳዳ አየና ጩኸት አልፈልግም ውሰዷት ብሎ ዘጋው። ለይኩን ፊቱ ነጭ ሆነ። ወደ እንጦጦ ንዳ አለው ወንድሙን፣ ነፋስ ትውሰድ።

ኪዳነ ምሕረትን አልፈን ገረሱ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ለይኩን እየጎተተ ባህር ዛፉ ውስጥ አስገባኝ። እየዘነበ ነበር። ከጃኬቱ ፎጣ አወጣ። የኔ ፎጣ ነው እትዬ፣ የአምናው፣ አጥቦታል። በውስጡ ስባሪ አለ። ቁስል ማንም አያነበውም አለኝ፣ ሰውየው እንዳለው። በነፃ እሰራልሻለሁ አለኝ። ጉልበቱን ደረቴ ላይ ሊያደርግ ሲል እጁን ነከስኩት፣ አጥንቱ እስኪሰማኝ፣ አልለቀቅኩም፣ ስባሪው ወደቀ። ሊመታኝ ሲወረወር እርጥቡ ቅጠል አንሸራተተው። ወደቀ። ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ አረፈ፣ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ ያን ቀን ከተሸከመው ይተልቃል።

ተነሳ። ሰርክ አለኝ። ከዛ እንደገና ወደቀ። እዛው ድንጋይ ላይ።

እንደዛ ነው የሆነው። ወደቀ።

አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴትዮ ስሮጥ አገኘችኝ፣ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር ቤቷ አስገባችኝ። ሁለት ጊዜ ውሃ ቀይራ እጄን አጠበችልኝ። ፊትሽ ደህና ነው አለችኝ። ስለ እጄ ምንም አልጠየቀችኝም። መስታወት የላትም፣ በጣቴ ዳበስኩት፣ ሁለቱም መስመር አሉ፣ ከጆሮዬ እስከ ከንፈሬ፣ አልተነኩም።

ገረሱ ታች መኪናው ውስጥ ነው፣ ሴትዮዋ ሄዳ አየችው፣ ሙዚቃ ከፍቶ ይጠብቃል። ለይኩን ሲወጣ አላየችም። በሌላ በኩል ወጥቶ ይሆናል። ሲመሽ ገረሱ መፈለግ ይጀምራል፣ ቤቱ ደግሞ ይሄ አንድ ነው ለጫካው የሚቀርበው። ፖሊስ ጋ ብቻዬን አልሄድም፣ ወደቀ የሚለውን ቃል ከኔ አንዴ ሰምተውታል። አንቺ ከጎኔ ከሌለሽ ማን ያምነኛል። ለወይዘሮ ማስተዋል ንገሪያቸው፣ ፊቴን ይዤዋለሁ በያቸው፣ ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ።

ፋኑኤል ቁጥሩን ያሳይሻል፣ የሴትዮዋ ስልክ ነው፣ እኔ ነኝ የማነሳው። ስደቢኝ፣ ግን ደውይልኝ። ሳይመሽ ደውይልኝ እትዬ።